መሀሉ የተሰበረው ግንብ

ከቆቦ ወደ ሮቢት ስትወርዱ፣ ከአስፋልቱ በስተግራ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ደረቁ ወንዝ ላይ ሁለት የግንብ ጉማጆች ተፋጠው ቆመዋል። መሀላቸው ክፍት ነው። ያየ መንገደኛ ሁሉ «ጎርፍ ሰብሮት ነው» ይላል። ከሚኒባስ መስኮት አንገታቸውን አውጥተው «አይ የራያ ጎርፍ» እያሉ ሲደነቁ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጎርፍ አልሰበረውም። ጎርፍማ ንክችም አላደረገውም። የሰበረው ያው ያሠራው ሰው ነው፤ ያስመረቀው፣ ሪባን የቆረጠለት፣ ተደግፎት ፎቶ የተነሳው ሰው። ለአካባቢያችን ከሠራው ሁሉ የጠቀመን ያንን ማፍረሱ ብቻ ነው ብል ግፍ አይሆንብኝም።

አጠገቡ የብረት ሰሌዳ ተተክሏል። ላዩ ላይ ግንቡን ያሠራው ድርጅት አርማ፣ የገንዘብ ሰጪዎቹ አርማ፣ ከሥር ደግሞ ስለ ዘላቂ ለውጥ የሚናገር ረጅም ዓረፍተ ነገር ነበር። ጽሑፉን ፀሐይ በልቶታል። ብረቱ ግን ጥሩ ብረት ስለሆነ ፍየል ለማሰር ይመቻል።

ሰውየውን ባለሀብቱ እያልኩ እጠራዋለሁ። ፊት ለፊት አንቱ ስለው ኖሬያለሁ፤ እዚህ ግን አንቱታውን ነፍጌዋለሁ። የመጣው ከጦርነቱ በኋላ ነው፣ ከአዲስ አበባ። ከከተማው ወጣ ብሎ ሰፊ መሬት ወሰደ፣ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈረ፣ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ በሚል ውሃ ሽንኩርትና ፓፓያ ተከለ። እስከዚህ ድረስ ክፉ ነገር የለውም። ሰው ሥራ አገኘ፤ ሽንኩርቱም ጥሩ ሽንኩርት ነበር። ዝም ብሎ ሽንኩርቱን ቢያመርት ኖሮ ዛሬም ድረስ አመሰግነው ነበር። ችግሩ ለእርሻው ገንዘብ የጨመሩለት የውጭ ሰዎች ከሽንኩርቱ ጋር ሰውም እንዲለወጥላቸው መፈለጋቸው ነው። እሱም ሽንኩርት መትከልና ሰው መለወጥ አንድ ዓይነት ሥራ መሰለው።

እኔን የቀጠረኝ ለዚያ ነው። ወረዳ ግብርና ቢሮ ስሠራ የቆየሁ ነኝ፤ የዚያው አገር ልጅ ነኝ፤ እንግሊዝኛም ያግባባኛል። ግን ዋናው ነገር እሱ እንዳልነበረ በኋላ ገብቶኛል። ሴት ኃላፊ ያለችበት ሪፖርት ያምራል። የማህበረሰብ ጉዳዮች ኃላፊ ተባልኩ። ወንበር ተሰጠኝ፣ ላፕቶፕ ተሰጠኝ፣ አርማ ያለበት ኮፍያ ተሰጠኝ። ጠዋት ጠዋት ፒካፕ እየመጣ ከበር ሲወስደኝ እናቴ ጎረቤት እንዲያይላት ሆን ብላ በሩን ከፍታ ትሸኘኝ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር። አልዋሽም፣ በጣም ደስ ይለኝ ነበር።

ሥራዬ ፎቶ ማስነሳትና መጻፍ ነበር። በየክረምቱ ችግኝ ተከላ ይደረጋል፤ የምንተክለው አምና በተቆፈረው ጉድጓድ ነው፣ ምክንያቱም የአምናው ችግኝ ደርቆ ጉድጓዱ ባዶ ነው። እኔ «ተጨማሪ ችግኞች ተተከሉ» ብዬ እጽፋለሁ። ውሃ ለመቅዳት ግማሽ ቀን የምትሄድ ሴት ስለ እጅ መታጠብ ሥልጠና ትወስዳለች፤ እኔ «ግንዛቤ አገኘች» ብዬ እጽፋለሁ። ግንዛቤ የሚሏት ቃል መቼም የማትሸከመው ነገር የለም። ባለሀብቱ ሪፖርቱን ያነብና «ትንሽ ስሜት ጨምሪበት» ይለኛል። እኔም ስሜት እጨምርበታለሁ።

እንግዲህ ወደ አጎቴ ልምጣ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ በዚያ ወንዝ ዙሪያ ላሉት ገበሬዎች ደግሞ የውሃ አባት ናቸው። የውሃ አባት ማለት ጎርፉ ሲመጣ የማን ማሳ መቼ ጠጥቶ መቼ እንደሚዘጋ የሚወስን፣ ሰው መርጦ የሾመው ሽማግሌ ነው። እኛ ዘንድ የዓመቱ ዝናብ ማሽላ አያደርስም። ማሽላውን የሚያደርሰው በስተምዕራብ ካሉት ተራሮች ወርዶ ደረቁን ወንዝ ሞልቶ የሚያልፈው ጎርፍ ነው። የሚቆየው ለሰዓታት ነው፤ ያን ጊዜ ጠልፈህ ማሳህ ውስጥ ካላስገባኸው አለፈህ። በዚያ ወንዝ ሰው የሚጠብቀው አንድ ደንብ አለ፤ የውሃ አባት የሚሾመው ማሳው ከሁሉም ግርጌ ያለ ሰው ነው። ውሃው እሱ ዘንድ ለመድረስ የሁሉንም ማሳ ማለፍ አለበት፤ ስለዚህ ማንንም ሊያስጠማ አይችልም። የአጎቴ ማሳ ግርጌ ነው።

ጎርፉ የሚጠለፈው በቅርንጫፍ ግድብ ነው። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ከየቤቱ ሰው የግራር ቅርንጫፍ እየጎተተ ይመጣል፣ በሬ ያለው በበሬው አሸዋ ይገፋል፣ ወንዙን አቋርጦ ግድብ ይሠራል። ቅርንጫፍ ይዞ ያልመጣ ሰው ውሃ የለውም፤ ሼህም ይሁን ቄስ፣ ሹምም ይሁን ሀብታም። ከዚያ ዋናው ጥበብ ይመጣል። አጎቴ ራሳቸው በግድቡ ላይ ይሄዱና መሀሉ ላይ ቆመው «እዚህ ላይ ሳሳ አድርጉት» ይላሉ። ግድቡ መሀሉ ላይ ሆን ተብሎ ደካማ ይደረጋል። ጎርፉ ልኩን ሲጠብቅ ግድቡ ወደ ማሳዎቹ በሚወስደው ቦይ ይመልሰዋል፤ ልኩን ሲያልፍ መሀሉን በጥሶ፣ ድንጋዩንና ግንዱን ይዞ ቁልቁል ይሄዳል። በማግስቱ ሰው እንደገና ተጠርቶ ይሠራዋል። በአንድ ክረምት ሁለት ሦስት ጊዜ ሊፈርስ ይችላል። ሲፈርስ የሚያዝን ሰው አላየሁም። እንዲፈርስ ነው የተሠራው።

የውጭዎቹ እንግዶች ሁለት ነበሩ፤ አንድ ወጣት ሰውዬና አንዲት ሽበታም ሴት። ባለሀብቱና ከአዲስ አበባ ያመጣው መሐንዲስ ወንዙ ዳር አቆሟቸውና የፈረሰውን ግድብ አሳዩአቸው። መሐንዲሱ «በየዓመቱ ይኸው ነው፤ ድካማቸው ሁሉ በአንድ ቀን ይሄዳል» አለ፤ በሐዘኔታ ራሱን እየነቀነቀ። ባለሀብቱም የሲሚንቶ ግንብ እንደሚሠራላቸው ተናገረ። ከዚያ ማህበረሰቡን ማማከር የሚባል ነገር ስላለ፣ ሰው ከትልቁ ግራር ሥር ተሰበሰበ።

አጎቴ ተነሱ። በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ እኔን እኔን እያዩ ተናገሩ። «እንግዶቻችን፣ አላህ ይስጣችሁ፤ ለኛ ማሰባችሁን አይተናል። የኛ ግድብ መሀሉ ስስ ነው። ስስ ያደረግነው አቅም አጥተን አይደለም። ጎርፉ ሲያይል በዚያ በኩል ይውጣ ብለን ነው። ካልወጣ እኛኑ ይዞን ይሄዳል። ግንብ ከሠራችሁም መሀሉን ክፍት አድርጉት፣ በእንጨት እኛ እንዘጋዋለን። ይችን ብቻ ንገሪልኝ ልጄ። አደራ።»

እንግዶቹ ወደ እኔ ዞሩ። ባለሀብቱ ከጎኔ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ ከዚያ ቀጥሎ ዋጃ ላይ ሌላ ጉብኝት ነበረባቸው። እኔ ምን ብዬ ተረጎምኩ መሰላችሁ። «ጎርፍን በባህላዊ መንገድ የመከላከል የረጅም ጊዜ ልምድ አላቸው» አልኩ። ሽበታሟ ሴት ይህን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። የአንድ ሽማግሌ የዕድሜ ልክ ዕውቀት፣ ከአደራው ጋር፣ በአንድ ትንፋሽ እንዲያ አድርጌ ቀበርኩት። መሐንዲሱ የሚያውቀውን ያውቃል ብዬ ራሴን አባበልኩ። ደግሞም ፀሐዩ ከሮ ነበር። ሰበብ ስፈልግ ፀሐይ እንኳ አይቀረኝም።

ቀጥሎ የሆነው የኛው ሰዎች ስህተት ነው፤ ከኛ ሌላ ማንም የማይሠራው ስህተት። ስብሰባው ሲያበቃ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ዘረጉ። ሼሁ ጀመሩ፣ ቄሱ ተቀበሉ፣ አጎቴ ጨረሱ። «የገባችሁበት ይቅናላችሁ፤ እጃችሁ ይለምልም፤ ከክፉ ነገር ይሰውራችሁ፤ በሰላም ያግባችሁ» ሲሉ ሕዝቡ በየመሀሉ «አሚን፣ አሚን» ይላል። የሁለት እምነት ሰው በአንድነት እጁን ዘርግቶ ሲመርቅ ማየት ለለመድነውም ልብ ይነካል። እንግዶቹ ቀረጹት። ወጣቱ ሰውዬ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ፒካፑ ውስጥ እንደገባን ባለሀብቱ ጭኑን መታ አድርጎ «አየሽ? ተስማሙ እኮ» አለኝ።

እኛ አገር ምርቃት ፊርማ አይደለም። እንግዳ መጥቶ ሳይመረቅ አይሄድም፤ በቃ። ጎማ ተንፍሶበት መንገድ ዳር የቆመ የጭነት መኪና ሹፌር ይመረቃል። ግብር ሊያስከፍል የመጣ ሰው ይመረቃል። ምርቃቱ የሚናገረው ስለ መራቂው ጨዋነት ነው እንጂ ስለ ተመራቂው ሥራ አይደለም። እንግዳ ያመጣውን ነገር ፊቱ ላይ አልፈልግም ማለት ነውር ነውና፣ ሰው አንዴ በትህትና ሐሳቡን ይናገራል፣ ከዚያ ይመርቃል፣ የተናገረው ይሰማል ብሎ ያምናል። ይህን እኔ አውቀዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ አሚን እያልኩ ያደግኩ ሰው ነኝ።

ቢሮ ገብቼ ቅጹን ሞላሁ። «የማህበረሰቡ አስተያየት» የሚል ቦታ ነበረው፤ «በሙሉ ድምፅ ተስማምተው በባህላቸው መሠረት መርቀዋል» አልኩ። ከሥሩ «የተነሱ ሥጋቶች» የሚል ነበረ። ጣቴ ለትንሽ ጊዜ እዚያ ላይ ቆሟል፤ ይህን አስታውሳለሁ። ከዚያ «የሉም» ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ፊደል ናት። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ከጻፍኩት ሁሉ ብዙ ሥራ የሠራችው እሷ ናት።

ግንቡ በበጋው ተሠራ። ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ዘጋው። በምረቃው ቀን ድፎ ዳቦ ተቆረሰ፣ ድንኳን ተጣለ፣ ሪባን ተቆረጠ፣ የወረዳ ሰዎች ንግግር አደረጉ። እያንዳንዱ ተናጋሪ «ከእንግዲህ የቅርንጫፍ ዘመን አበቃ» የሚል ነገር ጣል አደረገ። አጎቴ ግንቡን በዝግታ ከጫፍ ጫፍ ተራመዱበት። መሀሉ ላይ ሲደርሱ ቆሙና በትራቸው ቆርቆር አደረጉት። ከዚያ ወደ እኔ መጥተው ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«ልጄ፣ ያልኩሽን ጻፍሽው?» አሉኝ።

«ጽፌዋለሁ አጎቴ» አልኩ።

«እንግዲያው አሰላስለውት ይሆናል» አሉ፤ ወደ ድንኳኑም ሳይገቡ ሄዱ። እኔ ዳቦዬን በላሁ።

ጎርፉ የመጣው በሐምሌ ማብቂያ ላይ ነው። ከቀትር በኋላ ተራሮቹ ጥቁር ደመና ለብሰው አይታዩም ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሰው ወደ ወንዙ ሲሮጥ አይቼ እኔም ባጃጅ ይዤ ደረስኩ። ጎርፉ ገና አልታየም፤ ድምፁ ግን ይሰማል፣ የድንጋይ መንከባለል ድምፅ። ግንቡ ላይ ወንዶች ቆመው መሀሉን በዶማ ይደበድባሉ። ዶማው ይነጥራል፣ ግንቡ ትንሽ አቧራ ይለቃል። አጎቴ ከዳር ሆነው «ውረዱ፣ ውረዱ በቃ፣ ነፍሳችሁን አትርፉ» ይላሉ። የወረዱት ጎርፉ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ነው።

ከዚያ ግንቡ የተባለውን ሁሉ አደረገ። ቆመ። የመጣውን ሁሉ አቆመ። ውሃው መውጫ ሲያጣ በሙሉ ወደ ቦዩ ዞረ፣ ቦዩን ገምሶ ራስጌ ያሉትን ማሳዎች ከነአፈራቸው ጠርጎ ወሰደ። ማሽላው ቆሞ ሲሄድ አየሁት፤ ሥሩ ካለበት አፈር ጋር አብሮ። ከዚያ ውሃው የግንቡን ጫፍ ዞሮ ዳሩን በላና ለራሱ አዲስ መንገድ ከፈተ። ሲመሽ ወንዙ በሌላ በኩል ይፈስ ነበር። ሰው አልሞተም፤ ምስጋና ለአጎቴ ጩኸት። ግን ግርጌ ያሉት ማሳዎች ያን ክረምት አንድ ጠብታ ጎርፍ ሳያገኙ ቀሩ። ወንዙ ትቷቸው ሄዶ ነበር። የባለሀብቱ ፓፓያ በጉድጓድ ውሃው እንደ ለመለመ ነው።

በማግስቱ ባለሀብቱ መጣ። ዓይኑን በጨው አጥቦ ግንቡን በመዳፉ መታ መታ አደረገና «ጥንካሬውን አየሽ?» አለኝ። ያንን ሰው ያኔ በዚያው ዶማ ባልኩት ምናለ እላለሁ። ግን ቢሮ ገብቼ ሪፖርት ነው የጻፍኩት። እሱ በቃሉ እየነገረኝ «ግንባታው በደረሰው ከባድ ጎርፍ ምንም ጉዳት አልደረሰበትም» የሚል ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። አንዲት ቃል ውሸት የለበትም። ውሸት ለመዋሸት እውነት እንደሚበቃ ያን ቀን ተማርኩ። በሳምንቱ ዘይትና ዱቄት ለማደል ከነአርማው መጣን፤ ማሳቸው የሄደባቸው ሰዎች ተሰልፈው ተቀበሉ፣ ፎቶ ተነሱ፣ ከዚያም ልማዳቸው ነውና መረቁን። እኔ አሚን ማለት አቃተኝ።

መስከረም ላይ የውጭዎቹ እንግዶች ተመልሰው ሊመጡ ነው ተባለ። ባለሀብቱ ጠራኝና «ሽማግሌዎቹን አዘጋጂ፤ ያን ምርቃት በጣም ወደውት ነበር፣ ይደገም» አለኝ። እንደ ዘፈን ይደገም አለኝ። ያን ጊዜ ከቢሮ በቀጥታ አጎቴ ዘንድ ሄድኩ።

ማሳቸው ውስጥ አገኘኋቸው፤ ማሽላውን ለከብት ያጭዳሉ። ፍሬ ሊይዝ ሲል የደረቀ ማሽላ ነው። ቅጠሉ እጅ ላይ ይፈረፈራል። የዓመት ጉርሳቸው እሱ ነበር። «ማሻአላህ፣ ዛሬ ደግሞ በእግርሽ መጣሽ?» አሉኝ። ቁጭ አልኩና ነገርኳቸው። አልጻፍኩትም አልኩ። አልተረጎምኩትም አልኩ። «የሉም» ብዬ እንደጻፍኩ፣ በምረቃውም ቀን እንደዋሸሁ፣ ሁሉንም አወጣሁት።

ማጭዳቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ቢቆጡኝ፣ ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

«እኔኮ» አሉ፣ «እነዚያን ሰዎች ጽፋላቸው ንቀውን ነው እያልኩ ክረምቱን ሙሉ ተቀየምኳቸው። ሶላቴ ላይ እንኳ እየመጡ ያስቸግሩኝ ነበር። ለካ አልሰሙም።» ከዚያ ማጭዳቸውን አነሱ። «የሰው ሐቅ ይዤ ከርሜያለሁ ማለት ነው፤ ባንች ምክንያት» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። አብሬያቸው ልጨድ ብል «ልብስሽ ይበላሻል፣ ተይው» አሉኝ። ያ የሥራ ልብሴ አርማ ያለበት ነበር።

ስብሰባው እዚያው ግራር ሥር ሆነ። ባለሀብቱ ስለ ግንቡ ጥንካሬ፣ ስለ ዘይቱ፣ ስለ ዱቄቱ ተናገረ። ከዚያ ፈገግ ብሎ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረና እጁን ለምርቃት ዘረጋ። ማንም እጁን አልዘረጋም። ሼሁ መሬት መሬት ያያሉ፤ ቄሱም እንደዚያው። የባለሀብቱ እጅ አየር ላይ ቀርታ፣ ቀስ ብላ ወረደች።

አጎቴ ተነሱ። «ምርቃት ለእንግዳ ነው» አሉ። «እናንተ ግን ከእንግዲህ እንግዳ አይደላችሁም። ሁለት ዓመት ሆናችሁ፣ ውሃችንን ነካችሁ፣ መሬታችንን ነካችሁ። ጎረቤት ናችሁ። ጎረቤት አይመረቅም፤ ጎረቤት ቅርንጫፍ ይዞ ይመጣል። እንደኛው ሰኔ ላይ ኑ፣ እንደኛው ቆፍሩ፣ ጎርፍ ሲመጣም እዚህ ተገኙ። እሱን ስታደርጉ ያኔ እንመራረቃለን።»

ይህን አንድ ቃል ሳላስቀር ተረጎምኩት። ተርጉሜም አላቆምኩም። አምና እዚሁ ቦታ ላይ ስለ ግድቡ መሀል የተናገሩትን፣ ክፍት አድርጉት ያሉትን፣ አደራ ያሉትን፣ በእንግሊዝኛ ዘርዝሬ ተናገርኩ። ባለሀብቱ «አሁን ይህ ምን አገባው» እያለ ክንዴን ሲይዘኝ፣ እጁን አራገፍኩት። ሽበታሟ ሴት ማስታወሻዋን ዘጋችና «ታዲያ ሪፖርቱ ላይ ለምን የለም?» አለች። ሰው ሁሉ አየኝ። እንግሊዝኛውን የማይሰሙትም ምን እንደተጠየቅኩ የገባቸው ይመስላሉ።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «ማንም አላስገደደኝም።»

የሆነው ይህ ነው። ሴትየዋ ባለሀብቱን ወደ መኪናው ወስዳ ብዙ ሳትናገር የነገረችው ነገር ነበር፤ ገንዘቡ የእነሱ ነውና ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል። እኔን በሳምንቱ ውልሽ አልታደሰም አሉኝ። ሥራዬን በገዛ እጄ ለቀቅኩ ብዬ አልኮራም፤ ተባረርኩ። በበጋው አንድ ቀን ግን የድርጅቱ ትልቅ ማሽን እየተጎተተ መጣ። አጎቴ ግንቡ ላይ ወጥተው፣ እንደ ድሮው መሀሉ ላይ ቆመው፣ «እዚህ ጋ» ብለው በበትራቸው ምልክት ሰጡ። ከዚያ ወረዱና ማሽኑ ግንቡን ሰበረ። ቀጥሎም ወንዙን ወደ ዱሮ መንገዱ ለመመለስ አሸዋውን ሲገፋ ሰነበተ። ሪባን አልነበረም፣ ድንኳን አልነበረም፣ ፎቶ ያነሳ ሰው የለም። ባለሀብቱ እዚያ ድርሽ አላለም። ሲሠራ የመጣው ሹም ሁሉ ሲፈርስ መንገዱ ጠፋበት።

አሁን ቆቦ አዳራሽ ስብሰባ ሲጠራ እሄዳለሁ፤ ሥራ ፈት ነኝ፣ ምሳም አለው። ባለሀብት ኅብረተሰብን እንዴት ይለውጣል የሚሉ ወረቀቶች ይቀርባሉ። ወረቀቶቹን አውቃቸዋለሁ፤ ብጤዎቻቸውን ጽፌአለሁ። ከቀጭን ቃል የተሠሩ ናቸው። አንድ ጊዜ እጄን አውጥቼ «ጎርፍ ሲመጣ የት ትሆናላችሁ?» ብዬ ጠየቅኩ። አቅራቢው ጥያቄው ጥሩ ነው አለና ወደ ሌላ ሰው አለፈ። ያቺን ጥያቄ የመለሰ ባለሀብት ካለ ለውጥ አመጣ ብዬ እመሰክርለታለሁ። ያልመለሰው ሽንኩርቱን ይሽጥ፣ እኛም እንገዛዋለን፣ ማንም ማንንም አይለውጥ።

የኛው ድርጅት፣ ሐቁን ልናገርና፣ ባለፈው ሰኔ ሠራተኞቹንና አንድ ትራክተር ቅርንጫፍ ጭኖ ላከ። ባለሀብቱም ራሱ መጣ። አዲስ ቦቲ ጫማ አድርጎ ነበር። ግማሽ ቀን አካፋ ይዞ ቆመ፤ አብዛኛውን ጊዜ ተደግፎት ነው የቆመው፤ ቢሆንም ቆመ። ሰው ከነጫማው ተቀበለው። እኔ እስካሁን አልተቀበልኩትም፤ ያ የኔ ጣጣ ነው።

በዚያ ቀን አጎቴ የመጣውን ሰው ስም የሚጽፍላቸው ፈለጉ። ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ የማን ማሳ መቼ ይጠጣል፤ ድሮ በቃላቸው ይይዙት ነበር፣ አሁን ግን ከመሬቱ መጠረግና ከወንዙ መዞር በኋላ ክርክር ስለበዛ ይጻፍ ተባለ። እሳቸው ማንበብና መጻፍ አይችሉም። «የእህቴ ልጅ ትጻፍ» አሉ። ሁሉም ሰው እየሰማ ነው ያሉት። አሸዋው ላይ ተቀምጬ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ የሚሉትን አንድ በአንድ ጻፍኩ። የድርጅቱ ስም ከሁሉም በኋላ ገባ፤ የውሃ ተራውም ከአጎቴ ማሳ ጎን ግርጌ ሆነ።

ስጨርስ «ጻፍሽው?» አላሉኝም።

«አንብቢልኝ» አሉ።

አነበብኩላቸው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። በትራቸውን ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ከዚያ ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱና ከጎናቸው አካፋ ይዞ ለቆመው ገበሬ ጎረቤታቸው ሰጡት።

«እስቲ አንተም አንብብልኝ» አሉት።

ጎረቤታቸው እየተንተባተበ አነበበው። ቃል በቃል ያው ነበር። እኔም ቁጭ ብዬ፣ እስከ መጨረሻው ስም ድረስ፣ አብሬያቸው አዳመጥኩ።